አዲስ መኪና ላይ ከገበያ የተገዛ ዕቃ ቢገጠም ዋስትናው በእርግጥ ይቀራል?

ባለ ነጩ መኪና፣ ካዛንቺስ (ጥያቄ)

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድሜ ወደ ጉዳዬ ልግባ። በዚህ ዓመት ከአንድ አስመጪ ድርጅት በቻይና የተሠራ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። በሽያጭ ውሉ ላይ ለጠቅላላው ተሽከርካሪ የ3 ዓመት ወይም የ100,000 ኪሎ ሜትር፣ ለዋናው ባትሪ ደግሞ የ8 ዓመት ወይም የ160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና የተሰጠኝ ሲሆን፣ ከጊዜውና ከርቀቱ ቀድሞ የደረሰው ዋስትናውን ይዘጋዋል። እስከዚህ ድረስ ያለው ግልጽ ነው። ግልጽ ያልሆነልኝ በውሉ አባሪ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል የሰፈረው፣ «ከድርጅቱ የጽሑፍ ፈቃድ ውጭ ማናቸውም ባዕድ ዕቃ የተገጠመበት ወይም በሌላ ጋራዥ የተነካ ተሽከርካሪ ዋስትናው ቀሪ ይሆናል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው።

መኪናው ለከተማችን መንገድ ትንሽ ዝቅ ያለ በመሆኑ በፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ላይ ሆዱ ይነካል። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ከሚሸጡት የሞላ ማስነሻዎች አስገጥሜ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ላደርገው፣ ከሥሩም የብረት መከላከያ ላሠራለት አስቤአለሁ። የፊትና የኋላ መቅረጫ ካሜራ፣ እንዲሁም በቤቴ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቻርጀር ከገበያ ልገዛ ነው። ስክሪኑ በቻይንኛ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ወደ እንግሊዝኛ የሚቀይሩ ባለሙያዎች እንዳሉም ሰምቻለሁ። የሽያጭ ሠራተኛዋን ስጠይቃት «ምንም ነገር ባይነኩት ይሻላል» ከማለት ያለፈ መልስ አላገኘሁም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን የገጠምኩት ዕቃ ጉዳቱን ማድረሱን ካላስረዱ በስተቀር ዋስትናውን መከልከል እንደማይችሉ የሚገልጽ ጽሑፍ ከኢንተርኔት አሳይቶኛል፤ ጽሑፉ የሚናገረው ስለ አሜሪካ ሕግ ነው። ይህ እኛ ዘንድ ይሠራል? ካልሠራስ ከዘረዘርኳቸው ውስጥ የትኛውን ባደርግ ዋስትናዬን አደጋ ላይ እጥላለሁ?

የሰርቪስ ተቀባይ

በአንድ መኪና ሻጭ ድርጅት ውስጥ የዋስትና ጥያቄዎችን የማስተናገድ ሥራ ስለምሠራ ነገሩ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ምን እንደሚመስል ላስረዳዎ። ደንበኛ ብልሽት ይዞ ሲመጣ ባለሙያው በኮምፒዩተር የስህተት ኮዶችን ያነባል፣ የተጎዳውን ክፍል ፎቶግራፍ ያነሳል፣ ከዚያም ክፍሉ በዋስትናው ከተሸፈኑት ውስጥ መሆኑን ያጣራል። አስመጪው የአምራቹ ሕጋዊ ወኪል ከሆነ ይህ ሁሉ ተጠናቅሮ ወደ አምራቹ ይላካል፤ አምራቹ ከተቀበለው የዕቃውን ዋጋና የእጅ ሥራውን ይተካል፣ ካልተቀበለው ግን ወጪው አስመጪው ላይ ይቀራል። እርስዎን ያሳሰበዎት መስመር የተጻፈው በዚህ ፍርሃት ነው። አምራቹ በፎቶግራፉ ላይ የማያውቀውን ዕቃ ሲያይ ጥያቄውን ውድቅ ለማድረግ ምክንያት ያገኛል፣ አስመጪውም በሁለት ወገን ዕዳ መካከል እንዳይቆም ከመጀመሪያው በሩን ሁሉ ይዘጋል።

በተግባር ግን መስመሩ እንደተጻፈው ሙሉ በሙሉ ሲፈጸም አላየሁም። ማንኛውም አስተዋይ የዋስትና ክፍል የሚጠይቀው የገባው ባዕድ ዕቃ ከተበላሸው ክፍል ጋር ግንኙነት አለው ወይስ የለውም የሚለውን ነው። መቅረጫ ካሜራ ስላስገጠሙ የአየር ማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር ቢበላሽ አንዱን ከሌላው ማገናኘት አይቻልም። ካሜራው ከፊዩዝ ሳጥኑ ኃይል የሚወስድ ሆኖ ባለ 12 ቮልቱ ትንሽ ባትሪ ደጋግሞ ባዶ ቢሆን ግን ጥርጣሬው ወዲያውኑ ወደ ካሜራው ይሄዳል፣ ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የኤሌክትሪክ መኪና ዋናው ባትሪ ሙሉ ቢሆንም ይህ ትንሽ ባትሪ ከሞተ መኪናው አይነሳም፤ ዋናውን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙት ማብሪያ ማጥፊያዎች የሚሠሩት በዚሁ በ12 ቮልቱ ነውና። መኪናው ቆሞም የሚቀርጽ ካሜራ ከመረጡ፣ የባትሪው ቮልቴጅ ከተወሰነ ደረጃ ሲወርድ ራሱን የሚያጠፋውን ዓይነት ይግዙ።

እንደ ፍሬን ሸራ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የአየር ማጣሪያና ጎማ ያሉት በአጠቃቀም የሚያልቁ ነገሮች ቀድሞውንም በአብዛኛው የዋስትና ሽፋን የላቸውም። እነዚህን ከሌላ ቦታ ገዝቶ መተካት ስለዚህ የሚያሳጣዎት ነገር እምብዛም ነው። የተተካው ዕቃ ራሱ በሻጩ ዋስትና አይሸፈንም፤ ያ ዕቃ በሌላ ክፍል ላይ ጉዳት ካደረሰም ጉዳቱ የእርስዎ ይሆናል።

ከዘረዘሩት ሁሉ እኔን በጣም የሚያሰጋኝ ግን የስክሪኑ ቋንቋ ቅየራ ነው፣ ሰዎች ከሁሉም ቀላል አድርገው የሚያዩትም እሱን ነው። የሚቀየረው ሶፍትዌሩ በመሆኑ መኪናው ከድርጅቱ ኮምፒዩተር ጋር እንደተገናኘ ልዩነቱ ይታያል፤ አምራቹ በሚቀጥለው ጊዜ ማሻሻያ ሲልክም ከተነካካው ሶፍትዌር ጋር ሳይጣጣም ቀርቶ ስክሪኑ ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል። ያን ጊዜ ጥፋቱ ከማን እንደሆነ ለመከራከር የሚያስችል ነገር በእጅዎ አይኖርም። አስመጪው ራሱ የቋንቋ ቅየራ ያደርግ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ነገረ ፈጅ፣ ልደታ

ባልደረባዎ ያሳየዎት ጽሑፍ የሚያወራው እ.ኤ.አ. በ1975 ስለወጣውና የማግኑሰን ሞስ የዋስትና ሕግ ተብሎ ስለሚጠራው የአሜሪካ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት አንድ አምራች፣ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በነጻ ካልሰጠ ወይም ከፌዴራል የንግድ ኮሚሽኑ ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በስተቀር፣ ዋስትናውን በአንድ የተወሰነ የንግድ ስም ያለው ዕቃ ከመጠቀም ጋር ማሰር አይችልም። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2022 የሞተር ብስክሌት አምራቹ ሃርሊ ዴቪድሰን ከዋስትናው ውስጥ እንዲህ ያለውን ቃል እንዲያነሳ ያደረገው በዚሁ ሕግ ነው። ሆኖም ሕጉን የሚጠቅሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ግማሹን ይተዉታል፤ ባዕዱ ዕቃ ራሱ ያደረሰውን ጉዳት አምራቹ በነጻ እንዲጠግን እዚያም ቢሆን አይገደድም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ ሕግ በአዲስ አበባ ፍርድ ቤት የሚጠቀስ አይደለም። ስለ አውሮፓ ኅብረት ደንቦች የሚነገረውም እንዲሁ ነው።

እኛን የሚገዛን በመጀመሪያ ደረጃ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው ይላል፤ ስለዚህ ሲፈርሙ የተቀበሉት መስመር በባዶ ሜዳ ዋጋ የለውም ሊባል አይችልም። ድርጅቱ ጉዳዩ ወደ ክርክር ቢያመራ አንቀጽ 1733ን ይዞ እንደሚቀርብ ይጠብቁ፤ ይህ አንቀጽ የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኞች በትርጉም ስም ከዚያ እንዳይወጡ ይከለክላል። እርስዎ ደግሞ በአንቀጽ 1738 ላይ ይቆማሉ። አንደኛው ወገን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ለደንበኛ ሁሉ የሚያስፈርመው የውል ቃል አጠራጣሪ ሲሆን ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል። «ማናቸውም ባዕድ ዕቃ» ሲባል የወንበር ልብስና የስልክ መያዣም ይገባሉ? አይገቡም ከተባለ ቃሉ እንደሚመስለው ግልጽ አይደለም ማለት ነው፣ ወደ ትርጉም የሚያስገባው በርም ይከፈታል።

ከዚህ ይልቅ ክብደት የምሰጠው ለማስረዳት ሸክም ነው። በአንቀጽ 2001 መሠረት አንድ ግዴታ እንዲፈጸምለት የሚጠይቅ ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት፤ ግዴታው ቀርቷል ወይም ተለውጧል የሚል ሰው ደግሞ ለዚህ ምክንያት የሆነውን ነገር ያስረዳል። ወደ እርስዎ ጉዳይ ስናመጣው፣ እርስዎ የዋስትና ሰነዱንና ብልሽቱን ያቀርባሉ፤ ባዕድ ዕቃ በመግባቱ ዋስትናው ቀርቷል የሚለው ድርጅት ደግሞ ዕቃው መግባቱን ማስረዳት ይኖርበታል፣ ውሉ በጠባቡ ከተተረጎመም ብልሽቱ ከዚያ ዕቃ መምጣቱን ጭምር። ከአሜሪካው ሕግ ጋር አንድ ባይሆንም ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ወደዚያ የሚጠጋ ነገር በራሳችን ሕግ ውስጥ አለ።

ውሉ ከሚሰጠው ዋስትና ሌላ ሕጉ ራሱ የሚሰጠው ዋስትናም እንዳለ አይዘንጉ። በአንቀጽ 2287 መሠረት ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን የማረጋገጥ ግዴታ አለበት። ከፋብሪካ ይዞት የመጣ ጉድለት በኋላ ከገጠሙት ካሜራ ጋር የሚያያዝበት መንገድ የለም። ይሁን እንጂ ይህ መብት ትጉህ ሰውን የሚጠቅም ነው፤ ገዢ ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ፣ ካስታወቀ በኋላም በአንድ ዓመት ውስጥ ክሱን ማቅረብ ይኖርበታል። ማስታወቂያው በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ፣ የደረሰበትን ማረጋገጫ በመያዝ ይሁን።

ለእርስዎ የምሰጠው ተግባራዊ ምክር ግን ከዚህ ሁሉ ያጠረ ነው። የጠቀሱት መስመር «ከድርጅቱ የጽሑፍ ፈቃድ ውጭ» ይላል። ፈቃድ የሚጠየቅበትን መንገድ ራሱ ድርጅቱ ስለከፈተልዎ የሚገጥሙትን ዕቃ ዓይነትና የሚገጥምልዎትን ጋራዥ ጠቅሰው በደብዳቤ ይጠይቁ፣ በቅጂው ላይም የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና ቀን ያስመቱ። ቢፈቅዱ ክርክሩ ተዘጋ። ቢከለክሉ ምክንያታቸውን በጽሑፍ ያገኛሉ። ዝም ቢሉ ዝምታቸው ፈቃድ ባይሆንም፣ በቅን ልቦና መሥራትዎን የሚያሳይ ወረቀት በእጅዎ ይቀራል።

ባለ ሁለት መኪና፣ ሜክሲኮ

የሕግ ባለሙያው የጻፉት ትክክል መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መኪናው ቆሞ እንደሚከርም መናገርም ያስፈልጋል። እኔ ጎማ ከሌላ ቦታ በመቀየሬ ምክንያት የመሪ ብልሽት ጥያቄዬ በአንድ ሻጭ ድርጅት ዘንድ ውድቅ ተደርጎብኛል፤ መኪናውን ለሥራ ስለምፈልገው ከመሟገት ይልቅ ከኪሴ ከፍዬ አሠራሁት። ብዙው ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ይመስለኛል፣ ሻጮችም ያውቁታል።

ሌላው ማንሳት የምፈልገው ነገር ዋስትናውን የሰጠዎት ማን ነው የሚለውን ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በርካታ ነጋዴዎች ለቻይና የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪናዎችን እየገዙ አምጥተዋል። አምራቾች ዋስትናቸውን የሚሰጡት በአብዛኛው መኪናው በይፋ ለተሸጠበት አገር ስለሆነ፣ በእንዲህ ያለ መንገድ የገባ መኪና ላይ የተጻፈው 8 ዓመት የአምራቹ ቃል ሳይሆን የነጋዴው ቃል ነው። ነጋዴው ከ8 ዓመት በኋላም በዚያው ሱቅ ይኖራል ወይ? የስክሪንዎ በቻይንኛ ብቻ መሥራት መኪናዎ ከዚህ ወገን ሊሆን እንደሚችል አጠራጥሮኛል። እንደዚያ ከሆነ ስለ ሞላ ማስነሻው ከመጨነቅዎ በፊት በሰነዱ ግርጌ ያለው ማኅተም የማን እንደሆነ ይመልከቱ፤ የሻጩ ብቻ ከሆነ ሊያጡት የሚፈሩት ነገር ቀድሞውንም ያን ያህል ላይሆን ይችላል።

የተክለ ሃይማኖቱ መካኒክ

ወንድሜ፣ ሕጉን ለባለቤቶቹ ትቼ ስለ ዕቃዎቹ ልናገር።

ከሞላ ማስነሻው እጀምራለሁ፣ በየቀኑ የምጠየቀው እሱን ነውና። መኪናው ከፍ ሲል ከሞተሩ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ከተሠራበት ማዕዘን ይወጣል፤ መገጣጠሚያው ይበላል፣ ግሪሱን የሚይዘው የጎማ ሽፋንም ይቀደዳል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ጉልበቱ ገና እግርዎን እንዳሳረፉ ስለሚመጣ ጉዳቱ ከነዳጅ መኪናው ይፈጥናል። የጎማ አሰላለፍም ስለሚዛባ ማስነሻው በተገጠመ ቀን አላይመንት መሠራት አለበት። ፊት ለፊት ያለውን መኪና አይቶ ራሱ ፍሬን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ካሜራውና ራዳሩ የሚያዩበት ከፍታ ስለተለወጠ እንደገና መስተካከል ይፈልጋሉ፤ ይህንን ማድረጊያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ጥቂት ነው። ሰውየው ጥያቄ ሲያቀርብ በእግሩ በኩል ያለ ብልሽት በሙሉ በማስነሻው ይመካኛል፣ እውነቱን ለመናገር ሻጩን አልፈርድበትም። የግድ ከሆነብዎ በትንሹ ከፍ የሚያደርገውን፣ ከላስቲክ ሳይሆን ከአሉሚኒየም የተሠራውን ይምረጡ። እኔ ብሆን ግን ማስነሻውን ትቼ የሥር መከላከያውን ብቻ አሠራለሁ።

የሥር መከላከያው ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ሆኖም አሠራሩ ይለያያል። የዋናው ባትሪ ሳጥን ወለሉ ሥር ተዘርግቶ ስለሚገኝ በእሱ ላይ መሰርሰርም ሆነ መበየድ በፍጹም አይፈቀድም። ሳጥኑ ላይ አንድ የድሪል ቀዳዳ ከተገኘ የ8 ዓመቱ ዋስትና እዚያው እንዳበቃ ይቁጠሩት፤ ከዋስትናው በፊትም የሰው ሕይወት አለ። መከላከያው ፋብሪካው በተዋቸው የቦሎን ቦታዎች ብቻ የሚታሰር፣ የአየር መግቢያውን የማይሸፍን፣ ውሃና ጭቃ የማያቁር መሆን አለበት። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ኬብሎች ካዩ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸው ስለሆኑ በአጠገባቸው ማንም ሰው ፒንሳ ይዞ እንዳይደርስ ያድርጉ።

ቻርጀሩን ሰው እንደ መለዋወጫ አይቆጥረውም። ነገር ግን መኪናው ውስጥ ያለውን የኃይል መቀበያ ሲያቃጥል ያየሁት ደረጃውን ያልጠበቀ የቤት መስመር ነው፣ የመቀበያው ዋጋም ቀላል አይደለም። ለቻይና የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት መኪናዎች ጂቢ/ቲ የሚባለውን መሰኪያ ስለሚጠቀሙ ለሌላ ዓይነት መሰኪያ በተሠራ ቻርጀር ላይ አስማሚ ከመሰካት ለመሰኪያው የተሠራውን መግዛት ይሻላል። መስመሩ ከቆጣሪው ለብቻው የተሳበ፣ የራሱ ብሬከርና ትክክለኛ የመሬት ሽቦ ያለው ይሁን፤ በአሮጌ የግቢ ቤቶች የመሬት ሽቦ የሚባል ነገር ጨርሶ ስለማይገኝ ኤሌክትሪሺያኑ ሳይለካ «አለ» ቢልዎ አይመኑት። ኃይል ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ስለሚዘል መከላከያም ያስፈልጋል። የሠራልዎትን ኤሌክትሪሺያን ደረሰኝና የልኬቱን ውጤት ያስቀምጡ፤ የኃይል መቀበያው ቢበላሽ ድርጅቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የቤትዎን መስመር ነው።

ስለ ሶማሌ ተራም አንድ ነገር ልበል፣ ስሙ ያለአግባብ ሲነሳ ስለምሰማ ነው። እዚያ በአንድ መደርደሪያ ላይ ሦስት ዓይነት ዕቃ ጎን ለጎን ተቀምጦ ያገኛሉ፦ በመኪናው አምራች ካርቶን የመጣው፣ እንደ ቦሽና ዴንሶ ያሉ ለአምራቾች የሚያቀርቡ ኩባንያዎች በራሳቸው ስም የሚሸጡት፣ እና የሁለቱን ካርቶን አስመስሎ የታተመው ፎርጅድ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጥራት ብዙም ሳይለይ በዋጋ ይቀንሳል። ሦስተኛው በዓይን አይለይም፣ በዋጋ ግን ይለያል። ከተመዘገበ ሱቅ የዕቃው ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ደረሰኝ መስጠት በሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ በ813/2006፣ የነጋዴው ግዴታ ነው። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ በዋስትና ክርክር ጊዜ ምንም ዓይነት ቢሆን እንደ ፎርጅድ ይታያል።

የራዲያተር ውሃን በተመለከተ፣ ባይጠይቁም፣ በነዳጅ መኪና እንደለመድነው የቧንቧ ውሃ እንዳይጨምሩ። በአንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ኤሌክትሪክ በቀላሉ እንዳያስተላልፍ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ከተጻፈው ውጭ ሌላ ፈሳሽ መጨመር ከሁሉም ባዕድ ዕቃ የባሰ ነው።

ባለ ነጩ መኪና፣ ካዛንቺስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰነዱን አውጥቼ ስመለከተው ማኅተሙ የአስመጪው ብቻ ነው፤ የአምራቹ ስም በመግቢያው ላይ ከመጠቀሱ በቀር የወኪልነት ቃል የለበትም። ስለዚህ የሜክሲኮው ወንድማችን የገመቱት ልክ ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም ድርጅቱ የራሱ ጋራዥና ባለሙያዎች ስላሉት የሰጠኝን ቃል እንዲሁ ልጥለው አልፈልግም። ማስነሻውንና የስክሪኑን ቅየራ ትቼዋለሁ። ለሥር መከላከያው፣ ለካሜራውና ለቻርጀሩ የፈቃድ ደብዳቤ ጽፌ ሰኞ መዝገብ ቤት አስገባለሁ። የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ስለ ጎማ ናት፦ መኪናውን ጥቂት ከፍ ለማድረግ ከማስነሻው ይልቅ ከፋብሪካው ልክ በትንሹ ከፍ ያለ ጎማ ብጠቀም በዋስትናው በኩል ያው ነው?

የሰርቪስ ተቀባይ

ከማስነሻው የቀለለ ነው እንጂ ያው አይደለም። የጎማው ዙሪያ ሲጨምር የፍጥነትና የርቀት ንባቡ ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል፤ 100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚቆጠረውም በዚያው ንባብ ስለሆነ ድርጅቱ ይህንን እንደ መከራከሪያ ሊያነሳው ይችላል። በተጨማሪ ጎማው መሪው ሙሉ ሲዞር የውስጥ ሽፋኑን እንዳይፍቅ መሞከር ያስፈልጋል፤ ከባትሪው ክብደት የተነሳም የኤሌክትሪክ መኪና ከተመሳሳዩ የነዳጅ መኪና ስለሚከብድ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የጭነት ቁጥር ከፋብሪካው ያነሰ መሆን የለበትም። በሾፌሩ በር መክፈቻ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ የተፈቀዱትን የጎማ ልኮች ያገኛሉ። አንዳንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ልክ ይኖራል፤ ከእነዚያ ትልቁን ከመረጡ ማንም ሊከራከርዎ አይችልም፣ በደብዳቤው ውስጥም ማካተት አያስፈልግዎትም። ከዚያ ውጭ ያለ ልክ ከሆነ ግን ሰኞ በሚያስገቡት ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩበት።